ፍየሉ ላይ ያረፈ እጅ

ወረቀቱ ሁለት ነበር፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው ቃል ግን አንድ። ሽሚያ።

አንዱን ወረቀት እስከዳር ሰኞ ረፋድ ላይ ተቀበለች። ሌላውን ወንዳወቅ ቀድሟት ወስዶታል። ሰቆጣ ላይ የዋግን አማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁት እነርሱ ሁለቱ ናቸው፤ የሚታተመው ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። መጽሐፉን የሚያሳትመው ጽሕፈት ቤት ሹም ሁለቱን ሥራዎች የሚለይበት መንገድ አስቦ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጠ። የቃሉን ትርጉም ይጻፉ፤ ሁለት አገባብ ያክሉ፤ አንዱ የድሮ፣ አንዱ የዘንድሮ ይሁን፤ ሁለቱም ከማን አፍ እንደወጡ ይታወቅ። ቀነ ገደቡ ዓርብ ስድስት ሰዓት።

«ቃሉን መርጣችሁልናል» አለችው እስከዳር።

«በዕጣ ነው የወጣው» አለ ሹሙ፤ ሳቁን ግን መያዝ አልቻለም። «ዕጣም አንዳንዴ ያውቃል መሰለኝ።»

እስከዳር አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራለች፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት ከክፍል ስትወጣ ቃል ስትለቅም ኖራለች። ስምንቱን ዓመት ቃል የለቀመችው ከወንዳወቅ ጋር ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራሉ። የተለያዩት በጠብ አይደለም፤ በአሠራር ነው። እርሱ ቃሉን ሰምቶ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እርሷ የሰማችውን በካርድ ከጻፈች በኋላ በነገሩ ውስጥ ላለው ሰው ታነብለታለች፤ ሰውየው «ይሁን» ካላለ ካርዱን ትቀድደዋለች። አንድ ካርድ ለማንበብ ብቻ ፃግብጂ ድረስ የወረደችበት ጊዜ አለ። «በዚህ አካሄድ ሀ ላይ እንዳለን ይቀብሩናል» አላት ወንዳወቅ የዛሬ ሦስት ዓመት። ከዚያ በኋላ ካርዶቻቸውን ተካፈሉ።

አሁን ከሁለቱ ሥራዎች አንዱ መጽሐፍ ይሆናል፤ ሌላው ካርቶን ውስጥ ይቀራል። እስከዳር ካርቶን ምን እንደሆነ ታውቃለች። የእርሷ አልጋዋ ሥር ነው፤ አንድ ክረምት አይጥ ገብታ የ«ለ»ን ካርዶች በልታባታለች።

የሽሚያን ካርዶች አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ሰባት ነበሩ። መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ በር ላይ የተሰማ፤ የእርዳታ ስንዴ ሲታደል የተሰማ፤ የውሃ ቦቴ የመጣ ቀን የተሰማ፤ ሠርግ ቤት ከረሜላ ሲበተን የተሰማ። ሁሉም እውነት ነበሩ፤ ሁሉም ቀላል። በሰባቱም ካርዶች ላይ ሲጋፉ የነበሩት ሰዎች በመጨረሻ ይስቃሉ።

ሽማግሌዎች ግን ይህን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ የአበርገሌ ሰው «ሽሚያ ገባብኝ» ብሎ ሲጀምር ሰምታው ታውቃለች። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው «የገበያ ነገር ነው» ብሎ ወሬውን ለወጠ። ያ ካርድ ባዶ ቀርቷል።

አንድ አሮጌ ደብተር አነሣች። ከወንዳወቅ ጋር ሲሠሩ አንድ ቀን ሊጠይቋቸው ያሰቧቸውን ሰዎች የመዘገቡበት ነው። አሥራ አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ማንጠግቦሽ፣ ዝቋላ። አርባ ዓመት ፍየል የነገዱ። የገበያ ቃል።»

ጽሕፈቱ የወንዳወቅ ነበር። ስለዚህ እርሱም ያስታውሳል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ዝቋላ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረች። የመኪናው መንገድ ዳር ዘመድ ቤት አደረች። ሹፌሩ ሐሙስ ሲነጋ ወደ ሰቆጣ እንደሚመለስ፣ ከእርሱ በኋላ እስከ ቅዳሜ ሌላ መኪና እንደሌለ ነገራት። ረቡዕ ማለዳ በእግሯ ወጣች። መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሄዳ፣ ጠይቃ፣ ሳይመሽ መመለስ አለባት። ይህን ስሌት መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነበር፤ ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ መቆየት አትችልም።

አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አቧራ የለበሰ ሞተር ብስክሌት ቆሟል።

እማማ ማንጠግቦሽ ግቢው መካከል አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው አጠገብ የፍየል መንጃ በትር መሬት ላይ ተተክሏል። ፊት ለፊታቸው ወንዳወቅ፣ በመካከላቸው ድምፅ የሚቀዳው ስልኩ።

«እስከዳር!» አለ ከመቀመጫው ሳይነሣ። «በእግርሽ መጣሽ? ሞተሩ ላይ ከኋላዬ ቦታ ነበረኝ እኮ።»

«ብትጠራኝ ኖሮ።»

«ብጠራሽ ኖሮ ከእኔ ቀድመሽ ትወርጂ ነበር።»

እስከዳር ለአሮጊቷ እጅ ነሣች። «እንደምን አደሩ፣ እማማ።»

«እግዜር ይመስገን። አንቺም ለዚያው ቃል ነሽ?»

«አዎ፣ ለዚያው።»

«አንድ ቃል ለሁለት አስተማሪ!» አሉ። «ዝናቡ ብቻ የጠፋ መስሎን፣ ለካ ቃልም ጠፍቷል።» ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ልጄ፣ እጁ ፍየሌ ላይ አርፏል። በሰው ገበያ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ተቀመጪ። ውሃ ይሰጡሻል።»

ሕጉን እስከዳር ታውቀዋለች። አንድ ገዢ እጁን ፍየል ጀርባ ላይ ካሳረፈ ሌላው ዋጋ አይጠይቅም፤ አጠገቡም አይደርስም። በዋግ ገበያ ልጅም ይህን ያውቃል።

«እጁ እስከ መቼ ነው የሚያርፈው፣ እማማ?»

«በትሩን ተክያለሁ» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ። ዓይናቸውን ወደ በትሩ ጥላ ጣሉ።

አጥሩ የደረቀ እሾህ ነበር። ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ የግቢው ድምፅ ሳይጎድል ተሰማት። «እኛ ፍየል ተራ ሽሚያ ስንል…» አሉ አሮጊቷ። እስከዳር እስክሪብቶዋን አወጣች። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አንድ ቃል ሳትጽፍ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ተነሥታም ድምፁ ወደማይደርስበት ወደ አውድማው ሄደች።

አውድማው ላይ የእማማ ማንጠግቦሽ ምራት ምስራቅ ማሽላ ታነፍሳለች። እስከዳር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሰፌድ አነሣች።

«ከአጥሩ ሥር ሆነሽ ብትጽፊ ማን ያይሽ ነበር፣ እትዬ?» አለች ምስራቅ።

«ካርዴ ላይ ከማን አፍ እንደሰማሁ እጽፋለሁ። ከአጥር አፍ ልበል?»

ምስራቅ ሳቀች። «እሱስ ቢሆን ኖሮ ርቆ ይቀመጥ ነበር?»

እስከዳር ሰፌዱን ወደ ነፋሱ ከፍ አደረገች። ገለባው ወደ ቁልቁለቱ ይበርራል፤ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ከዚያም አለፈ። ምስራቅ ለእንግዳው ውሃ አድርሳ ስትመለስ ሰፌዱን አላነሣችም።

«ስለ ሽሚያ ከጨረሰ ቆይቷል እኮ» አለች። «አሁን የፍየል ቀለም እያስቆጠራቸው ነው። ቀዩን ጨርሰው ወደ ዝንጉርጉሩ ገብተዋል። የፍየል ቀለም አያልቅም፣ እትዬ።»

«እማማ ይመልሱለታል?»

«ይመልሱለታል። ዓይናቸው ግን በትሩ ላይ ነው።»

እስከዳር ወደ ግቢው በር ተመለከተች። ወንዳወቅ ስለ መኪናው ያውቃል፤ በዚያው መንገድ ነው የመጣው። እርሱ ሞተር አለው። ከእርሷ የሚፈልገው ነገር የለም። የሚፈልገው ሰዓቷን ነው፤ እርሱንም አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር፣ ፈገግ እያለ፣ በፍየል ቀለም እየጨረሰው ነው።

ገብታ መጮኽ ትችላለች፤ አሮጊቷ ግን ሕጉን ተናግረዋል። ትታ መሄድ ትችላለች፤ ያኔ አሥራ አንዱ ዓመት አልጋ ሥር ይቀራል።

«መኪናው ካመለጠኝ በእግሬ ዓርብ እደርሳለሁ» አለች።

«የትኛውን ዓርብ?» አለች ምስራቅ።

እስከዳር ሰፌዱን መልሳ አነሣች።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከግቢው ጥሪ መጣ። «ምስራቅ! ያቺን አስተማሪ ጥሪያት!»

እስከዳር በሩ ላይ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። እማማ ማንጠግቦሽ በጣታቸው በትሩን አሳዩ።

«ልጄ ወንዳወቅ፣ ስትመጣ ጥላው ወዴት ነበር?»

«ወደ ሞተሩ፣ እማማ።»

«አሁንስ?»

ወንዳወቅ አየ። «ወደ ቤቱ።»

«ጥላው በትሩ ሥር ገብቶ ሲዞር ገዢ ወይ ይገዛል ወይ እጁን ያነሣል። አንተ ከገዛህ ቆይተሃል። አሁን ሌላ እንዳይገዛ ነው የያዝኸኝ።»

«ትንሽ ጥያቄ ቀርቶኝ ነው።»

«የፍየሎቼን ቀለም ቆጥረህ ጨርሰሃል። የቀረህ የጢማቸው ቁጥር ነው።» አሮጊቷ አልሳቁም። «በእኛ ገበያ ሽሚያ ሁለት ነው። ነጥቆ የሚሮጥ አለ፤ እሱ ይሰደባል፣ ይታለፋል። ይዞ የሚያውል ደግሞ አለ። አይገዛ፣ አይለቅ። እሱ ሽማግሌ ፊት ይከሰሳል። ሽሚያ ገባብኝ ተብሎ።»

«ይኼን አልነገሩኝም» አለ ወንዳወቅ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«አልጠየቅኸኝማ። ሽሚያ ምንድን ነው አልኸኝ፤ ነገርሁህ። ስንት ዓይነት ነው ብለህ የጠየቅኸኝ ቀለሙን ብቻ ነው።»

«ቅጣቱ ምን ነበር፣ እማማ?» አለች እስከዳር ከበሩ።

«የፍየሉን ገመድ በገዛ እጁ ለከለከለው ገዢ ያስረክባል። በሰው ፊት።»

ወንዳወቅ ስልኩን አነሣ። ተነሥቶ የተቀመጠበትን በርጩማ በእጁ ጠረገ፤ ለምን እንደጠረገው ራሱም ያወቀ አይመስልም። በእስከዳር አጠገብ ሲያልፍ ፊቷን አላየም። «ስምንት ሰዓት ነው» አለ። «መንገድሽ ረጅም ነው።» ሞተሩ ቁልቁለቱን እየተንጓጓ ወረደ።

እስከዳር በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ነበራት። ከሰቆጣ ይዛቸው የመጣችው ጥያቄዎች ዘጠኝ ናቸው፤ ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ሲፈረድ ያዩትን አይደለም። እርስዎ ራስዎ ያሉበትን ሽሚያ ይንገሩኝ።»

እማማ ማንጠግቦሽ በትሩን ነቅለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እስከዳር አልወተወተችም።

«በሰባ ሰባት ነው» አሉ በመጨረሻ። «በዚያ በረሃብ ዘመን። ባንቺ የምትባል የአበርገሌ ሴት አንዲት ፍየል ይዛ መጣች። የቀረቻት እሷ ብቻ ነበረች። በማሽላ ልትለውጣት ነው። ማሽላ የያዝን ነጋዴዎች ሦስት ነበርን። እኔ ቀድሜ እጄን አሳረፍሁ። ዋጋ አልሰጠሁም፤ አለቀቅሁም። ጥላው ዞረ፤ እጄን አላነሣሁም። ሁለቱ ነጋዴዎች ማሽላቸውን በሌላ ፍየል ጨርሰው ሄዱ። ያን ጊዜ ግማሽ ቁና እሰጥሻለሁ አልኋት።»

«ሸጠችልዎ?»

«አልሸጠችም። ከሰሰችኝ። ሽሚያ ገባችብኝ አለች። ሽማግሌዎቹም ፈረዱብኝ፤ ገመዱን ለቀጣዩ ገዢ አስረክቢ አሉኝ። ገመዱን ተቀብዬ ዞርሁ።» እጃቸው በትሩ ላይ ጠበቀ። «ገበያው ባዶ ነበር፣ ልጄ። የማስረክበው ሰው አልነበረም። ፍየሏን እየጎተተች በመጣችበት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። በትሩን መትከል የጀመርሁ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ጻፊ።»

እስከዳር ጻፈች። ሲያልቅ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ግማሽ ቁናውን ትተሽዋል» አሉ።

«ያስከፋዎት እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አግቢው። ያለ እሱ ቸልታ ይመስላል። ቸልታ አልነበረም።»

«ስምዎንስ ልጻፍ?»

«ታዲያ ከማን አፍ ልትዪ ነው?» አሉ። «ይሁን። አሁን ተነሺ፤ ፀሐይ አትጠብቅሽም።»

መንገድ ላይ አላረፈችም። ወንዙን ስትሻገር ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ፀሐይ ስትጠልቅ የመኪናው መንገድ ታያት። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰቆጣ ገባች።

ትርጉሙ አሁን ሙሉ ነው። የድሮው አገባብ የእማማ ማንጠግቦሽ ነው። የዘንድሮው ቀረ። ሰባቱን ካርዶች እንደገና አየቻቸው፤ ሰባቱም የሚነጥቁ ሰዎች ናቸው፤ ይዞ የሚያውል አንድም የለባቸውም። ባዶ ካርድ አወጣችና ጻፈች፦

«ወንዳወቅ እማማ ማንጠግቦሽን ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይዞ በማዋል ሽሚያ ገባብኝ። እስከዳር፤ ዝቋላ፣ ረቡዕ ታኅሣሥ ፱።»

ቃሉ የእርሷ ነው፤ ነገሩ ግን የእርሱ ነው። ካላነበበችለት አታስገባውም። «አይሆንም» ካለ ትቀድደዋለች፤ ያለ ዘንድሮ አገባብ የሚገባ ወረቀት ደግሞ ከመጀመሪያው ይወድቃል። ይህን እያወቀች ካርዱን ይዛ ወንዳወቅ ቤት ሄደች። ሴት ልጁ በሩን ገርበብ አድርጋ «አባዬ የለም» አለች፤ ዓይኗን ወደ ጓዳው ጣል አድርጋ።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ እስከዳር ጽሕፈት ቤቱ ደረሰች። ወንዳወቅ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አስገባህ?» አለችው።

«ትናንት።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ትሠራለህ?»

«ፀሐይ እሞቃለሁ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። መግቢያ አላበጀችም፤ ካርዱን አውጥታ አነበበችለት። አንዲት ሴት መዝገብ ታቅፋ በፊታቸው አለፈች።

«እስቲ አምጪው» አለ።

ሰጠችው። አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። መልሶ አነበበው። እስከዳር እጇን አልዘረጋችም፤ መልስ ስጠኝም አላለችም። እምቢ ማለት አያስፈልገውም ነበር። ዝም ብሎ ስድስት ሰዓትን ቢያሳልፍ ይበቃዋል።

ግቢው መካከል የቆመው የባንዲራ ምሰሶ ጥላ እያጠረ ወደ ምሰሶው ይሰበሰባል። ወንዳወቅ አየው። እርሷም ሲያይ አየችው።

«ስሕተት አለበት» አለ።

«የቱ ላይ?»

«ሰዓቱ ላይ።» እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። «ጥያቄዬ ያለቀው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንቺ ድንጋዩን እንኳ ሳታሞቂ። ከስድስት አይደለም።» ቁጥሩን ሰርዞ በላዩ ላይ ሌላ ጻፈ። «ትናንትም ቤት ነበርሁ።»

«አውቃለሁ። ልጅህ መዋሸት አትችልም።»

«በእናቷ ወጥታ ነው።» ካርዱን ወዲያው አልመለሰላትም፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ከዚያ ተነሥቶ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጁ አቀበላት። «ይሁን» አለ። «ግቢ። ስድስት ሊሆን ነው።»

ገባች። ሹሙ ወረቀቷን ተቀብሎ ማኅተም መታበት። ካርዱን አየና የተሰረዘውን ቁጥር በጣቱ ነካ። «ይኼ የማን ጽሕፈት ነው?»

«ነገሩ የደረሰበት ሰው አርሞት ነው።»

«በአንቺ ላይ አይደለም እንዴ የደረሰው?»

«በሁለታችንም» አለችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ስልክ የተደወለው ለእርሷ ነበር። አመስግና ዘጋችው፤ ካርቶኑንም ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ለማተሚያ ቤት ከመድረሱ በፊት አይጥ የበላችው «ለ» እንደገና መለቀም አለበት። ዳግመኛ የሚጠየቁትን ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ አሥራ ሰባት ሆኑ። ሁለቱ ሞተዋል። ከቀሩት ሁሉ ቅርብ ያለው ፃግብጂ ነው። ጫማዋን አሠረች።